አንድ ሐሳብ፣ ሦስት ጥቅስ

በ2062 ዓ.ም. ደሴ ላይ ጠዋት የሚጀምረው በጨማቂው ነው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከሣሎኑ ሰዓት አይበልጥም። ከሌላ ቦታ የተላከ ቃል ሁሉ፣ ደብዳቤም ይሁን የድምፅ መልእክት፣ በእሱ ተጨምቆ ፍሬ ነገሩ ብቻ ነው የሚደርሰን። ጎረቤቴ ባሏ የሞተ ጊዜ ዘመድ አዝማድ ከአራት ከተማ እያለቀሰ ላከላት። ጨማቂው «ሃያ ሰባት ሰው አዝኗል» አላት። «አሜን» ብላ ልብሷን ማጠብ ቀጠለች። ባለፈው ሰኔ ደግሞ ለታች ቤቷ ልጅ ሽማግሌ ተልኮ፣ ሽማግሌዎቹ ወልዲያ ሆነው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተናገሩ አሉ። አባትየው የሰማው «ልጅዎን ለልጃችን። እሺ ወይስ እምቢ?» የሚል ነው። እሺ አለ። አራት ደቂቃ አልፈጀም። ማንም አልተቆጣም። ለምደነዋል።

እኔ ፎዚያም እለምደው ነበር፣ የልጄ የኢልሃም ነገር ባይሆን ኖሮ። ኢልሃም ሎጊያ፣ በረሃው ላይ፣ የፀሐይ መስታወት ከሚጠብቁት ጋር መሥራት ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆናት። ዓርብ ዓርብ ትልክልናለች። ምን ያህል እንዳወራች ጨማቂው ጎን ላይ ይጽፋል፤ አርባ ደቂቃ፣ አርባ አምስት ደቂቃ። የሚነግረን ግን «ደህና ነኝ። ሙቀት አለ። እናንተስ?» ነው። አርባ ደቂቃ! ሰው «ደህና ነኝ» ለማለት አርባ ደቂቃ ይፈጅበታል? ታማ ቢሆንስ? አልቅሳ ቢሆንስ? አንድ ቀን ተናድጄ በመዳፌ መታሁት። «አንዲት ሴት ግድግዳ መታች» ብሎ ለቀበሌ ላከ።

ሙሉውን መስማት የሚችለው የሙሉ ንባብ ፈቃድ ያለው ቤት ነው። ፈቃዱ የሚገኘው ከስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲሆን፣ ከቤታችን ስምንተኛ ክፍል ያለችው የኢልሃም ልጅ ነጃት ናት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከወደቀች የሚቀጥለው ዕድል ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ሌላ «ደህና ነኝ»።

ፈተናው በእጅ የሚጻፍ ትንተና ነው። ተማሪው አንድ ጽሑፍ መርጦ ያነባል። ስለ ጽሑፉ አንድ ሐሳብ ይዞ ይቀርባል። ሐሳቡን ከዚያው ጽሑፍ በወሰዳቸው ሦስት ጥቅሶች ያስረዳል፤ በፈተናው ቀንም ሰሚዎች በሚባሉ ፈታኞች ፊት ቆሞ ያነበዋል። ጽሑፉ ታዲያ ጨማቂ ያልነካው መሆን አለበት፤ ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ከየት ይመጣል? ልጆቹ የየቤታቸውን ሣጥን በረበሩ። ሩሐማ የምትባል የነጃት ጓደኛ ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የወጣ የአወሳሰድ ወረቀት አገኘች። የእኔዋ አልጋዬ ስር ገብታ፣ አቧራ ለብሳ፣ አንድ ደብተር ይዛ ወጣች።

«እምዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ገና ሽፋኑን ሳየው አወቅሁት። ኢልሃም በ2016 መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ የነበራት ኮሙኒኬሽን ቡክ ነው። በእኛ ጊዜ ትምህርት ቤትና ወላጅ የሚነጋገሩት በዚያ ነበር። መምህሯ ሚስ አምሳል ትጽፋለች፤ ልጅቷ በቦርሳዋ ይዛ ትመጣለች፤ እናት መልስ ጽፋ ትፈርምና በነጋታው ይመለሳል።

«የነበረበት መልሺው።»

«ጨማቂ ነክቶታል?»

«አልነካውም። መልሺው አልኩሽ።»

«ስለ እናቴ ነው እኮ፣ እምዬ! እሷን በሙሉ ለመስማት ስለ እሷ የተጻፈ ማንበብ ምን ነውር አለው?»

ምን ልበላት? ሰጠኋት።

ደንቡ እንዲህ ይላል፦ የጽሑፉ ባለቤት በሕይወት ካለ ትምህርቱ ላይ ይቀመጣል። እናም ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ በየማክሰኞው፣ ጉልበቴ ከዴስኩ ስር አልገባ እያለኝ ነጃት አጠገብ ተቀመጥኩ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ የጦሳ ተራራ ጉም በመስኮቱ ይገባል። የነጃትን የጃኬት ዚፕ እስከ አገጯ ስስብላት «እምዬ፣ ልጆቹ እያዩ ነው!» ትለኛለች። ይዩ። ሳል የሚይዘው እነሱን አይደለም።

መምህርቷ ሐረገወይን ትባላለች። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ የወንድ ነው። ሌላው ትምህርት ከሩቅ ተልኮ በጨማቂ በኩል ነው የሚደርሳቸው፤ እሷ ክፍል ውስጥ ግን ጨማቂ የለም፤ መጀመሪያ ቀን ልጆቹ የመምህር ንግግር ሳያጥር ሲሰሙ ሁለቱ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

«ጥቅስ እንግዳ ነው» አለቻቸው። «እንግዳ ቤታችሁ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ? በር ላይ ትቀበሉታላችሁ። ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ ለቤተሰቡ ትናገራላችሁ። ከዚያ ይናገራል። ተናግሮ ሲጨርስ ለምን እንደጠራችሁት ታስረዳላችሁ። ጥቅስ አምጥቶ ዝም ያለ ሰው፣ እንግዳ ጠርቶ ራሱ ከቤት እንደወጣ ቁጠሩት።»

ነጃት በሁለተኛው ማክሰኞ ተነሥታ የመጀመሪያ ሙከራዋን አነበበች። ሐሳቧ «አያቴ በጣም ፈሪ ነበረች» የሚል ነው። ቀጥላ መስከረም 8 ቀን የጻፍኩትን ከላይ እስከ ታች ለቀቀችው።

«‹ለሚስ አምሳል፦ ኢልሃም ውሃ ስትጠጣ ትን ስለሚላት ቀስ በይ ይበሏት። ሹራቧን እንዳታወልቅ። መስኮት አጠገብ አትቀመጥ። ብስኩቷን ለሁለት ሰብረው ይስጧት። ዥዋዥዌ ላይ እንዳትወጣ፤ እንቢ ብላ ከወጣችም ይያዟት፤ ሲይዟት ታዲያ ክንዷን ሳይሆን ወገቧን...›»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሩሐማ «የኔ የመድኃኒት ወረቀት እንኳ ይህን ያህል ማስጠንቀቂያ የለውም!» አለች።

«ምን ያስቃል?» ብዬ ተነሣሁ። «ያን ዓመት ጉንፋን ነበር! የሰው ልጅ ነው የላክሁላቸው፣ ድንች አይደለም!»

«እትዬ ፎዚያ፣ ይቀመጡ» አለች መምህርቷ፣ እሷም ከንፈሯን ነክሳ። «እዚህ የሚናገረው ጽሑፉ ነው፤ እርስዎ ተጋባዥ ነዎት። ነጃት፣ አንድ እንግዳ ጥሪ ተብለሽ ሰፈሩን በሙሉ ጠራሽው። ከዚህ ሁሉ የትኛዋ መስመር ናት ሐሳብሽን የምትሸከመው? ደግሞም መስከረምን ብቻ አንብበሽ ስለ ዓመቱ አትፍረጂ። ደብተሩ እስከ ሰኔ ነው።»

ነጃት እስከ ሰኔ አነበበች። ማታ ማታ አልፈቀድኩላትም፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ደጃፉ ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ። ዓይኗ እንዳይደክም በየመሐሉ ካሮት እሰጣታለሁ። አንድ ቀን ብድግ ብላ አቀፈችኝ።

«እምዬ፣ አገኘሁት! አንቺ ፈሪ አይደለሽም። ተለውጠሻል። ተመልከቺ፤ መስከረም ላይ አሥራ አራት መስመር ነበር። ታኅሣሥ ላይ አንድ መስመር፣ ‹ዥዋዥዌ ላይ ይጠንቀቁልኝ›። ግንቦት ላይ ‹እሺ› ብቻ። እናቴን ማመን ተምረሻል! ይሄን ብትሰማ እንዴት ደስ ይላታል።»

ካሮቱ እጄ ላይ ቀረ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ከታኅሣሥ በኋላ ያልጻፍኩት እዚያው ስለነበርኩ ነው። ሰርቪሱ ኢልሃምን ወስዶ ሲሄድ በሌላ መንገድ ተከትዬ እሄድ ነበር። የትምህርት ቤቱ የቆርቆሮ አጥር ቀዳዳ ነበረው፤ ከሜዳው ጎን፣ ዥዋዥዌው ፊት ለፊት። በዚያ ቀዳዳ አምስት ወር አየኋት። ስትወጣ፣ ስትወርድ፣ ብስኩቷን ሳትሰብር ስትውጥ። ዓይኔ እያየ ለምን ብዬ እጽፋለሁ? ኢልሃም ራሷ ይህን አታውቅም። ባለቤቴም ሳያውቅ ሞተ፣ አላህ ይዘንለት።

ነጃትን ግን ምን ብዬ ልንገራት? ፈተናው ሦስት ቀን ቀርቶታል። ዝም ማለት ውሸት አይደለም እያልኩ ሦስት ቀን ካሮት ላጥኩላት።

የፈተናው ቀን ዓርብ ጠዋት ነበር። አዳራሹ ውስጥ ሦስት ሰሚዎች ከፊት ተቀምጠዋል፤ ዋናው አቶ ዳርጌ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሰው ናቸው። ሩሐማ ከእኛ በፊት ገብታ በመድኃኒት ወረቀቷ አለፈች። «የወረቀቱ ጸሐፊ ሰውን ሳይሆን መከሰስን ነው የሚፈራው» ብላ ሦስት ጥቅስ ደረደረች አሉ። ያቺ ልጅ ትልቅ ቦታ ትደርሳለች።

ነጃት ቆማ አነበበች። እንግዶቿን አንድ በአንድ በር ላይ ተቀብላ አስገባች። የመስከረሙን፣ የታኅሣሡን፣ የግንቦቱን። መምህርት ሐረገወይን ጥግ ላይ ቆማ በየጥቅሱ ራሷን ትነቀንቃለች። ሲያልቅ አቶ ዳርጌ ወደ እኔ ዞሩ።

«የጽሑፉ ባለቤት፣ ይህን ሐሳብ ይቀበላሉ?»

እሺ ማለት ነበር። አንዲት ቃል። ፈቃዱ ይመጣል፤ ልጄን እሰማታለሁ። ነጃት ፈገግ ብላ ታየኛለች። ግን ያ ፈገግታ ራሱ አስፈራኝ። ነገ ለእናቷ «አያቴ አንቺን ማመን ተምራ ነበር» ብላ ልትነግራት ነው። ባላደረግሁት ነገር ተሸልሜ ልኖር ነው። ወላሂ፣ አፌ ቀደመኝ።

«አልቀበልም።»

«እምዬ!»

«ምክንያት?» አሉ አቶ ዳርጌ።

ነገርኳቸው። ሰርቪሱን፣ ሌላኛውን መንገድ፣ የቆርቆሮውን ቀዳዳ። ከሰሚዎቹ አንዷ እስክሪብቶ ጣለች።

አቶ ዳርጌ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ባለቤት ያልተቀበለው ሐሳብ ይወድቃል፤ ደንብ ነው። እርስዎ አሁን በአፍዎ ያሉትም ቢሆን ጥቅስ አይሆንም፤ ጽሑፉ ውስጥ የለማ። ተፈታኝ፣ ከዚሁ ደብተር ሌላ ሐሳብ ካገኘሽ ሃያ ደቂቃ አለሽ። እትዬ፣ እርስዎ ከእንግዲህ አንድ ቃል እንዳይተነፍሱ።»

ነጃት ዓይኗ እንባ ሞልቶ «ምን አደረግሽኝ?» አለችኝ በሹክሹክታ። አልመለስኩም፤ ታዝዤአለሁ። እሷ ደብተሩን ከፍታ ገለጠች። እኔ የያሲንን ምዕራፍ በልቤ ጀመርኩ። አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። መጀመሪያ የእኔን ጽሕፈት ብቻ ታይ ነበር። ኋላ ጣቷ ወደ ገጹ ሌላ ጎን ሄደ፤ ሚስ አምሳል የምትጽፍበት ጎን። አንዱ ገጽ ላይ ቆመች። ወደ ኋላ ገለጠች። ወደ ፊት ገለጠች። ከዚያ፣ በፈተና አዳራሽ፣ በሰሚዎች ፊት፣ ብቻዋን ሳቀች።

ጽፋ ስትጨርስ «ዝግጁ ነኝ» አለች። ገና ሰባት ደቂቃ ነበራት።

«ሐሳቤ ይሄ ነው» አለች። «በዚህ ደብተር ውስጥ ትልቁ ነገር የእናትየዋ ፍርሃት አይደለም። የመምህሯ ሆደ ሰፊነት ነው። ሚስ አምሳል እናትየዋ ከአጥሩ ውጭ እንደምትቆም ታውቅ ነበር፤ ሳታሳፍራት ተንከባክባታለች።»

አፌን በእጄ ያዝኩ። ታውቅ ነበር? ማን?

«የመጀመሪያው ጥቅስ ጥር 6 ቀን የተጻፈ ነው። መምህሯ ስለ ቀለም እርሳስ ካሳሰበች በኋላ፣ መጨረሻ ላይ እንዲህ ትላለች፦ ‹ዘበኛችን በርጩማ ከሜዳው አጥር ውጭ አስቀምጧል።› ይህ ስለ ልጅቷ የተጻፈ አይደለም። አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ከአጥር ውጭ በርጩማ አያስፈልጋትም።»

«ልጃቸውን ሊወስዱ ለሚጠብቁ ወላጆች ሁሉ ሊሆን ይችላል» አሉ አቶ ዳርጌ።

«ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ሁለተኛውን የጠራሁት፤ የራሷ የእናትየዋ ነው። መስከረም 3 ቀን፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ‹ልጄ በሰርቪስ ሄዳ በሰርቪስ ትመለሳለች› ብላ ፈርማለች። ስለዚህ ይህች እናት በር ላይ የምትጠብቀው ልጅ የላትም። በርጩማው ግን በእሷ ደብተር ላይ ተጽፏል።»

አቶ ዳርጌ ወደ ጎን ተመለከቱ። አጠገባቸው ያለችው ሴት ትጽፋለች።

«ሦስተኛው» አለች ነጃት፣ አሁን ድምፅዋ ተነሥቶ፣ «መጋቢት 19 ቀን ነው። እናትየዋ በዚያ ሳምንት ‹እሺ› ከማለት በቀር ምንም አልጻፈችም፤ ስለ ራሷ ጤና አንድ ቃል የለም። መምህሯ ግን እንዲህ ብላ መለሰችላት፦ ‹ነገ ዝናብ ስለሚኖር ልጆቹን ወደ ሜዳ አናወጣም። ሳልዎ እስኪሻል ቤትዎ ይረፉ፤ ኢልሃምን እኔ አይልዎታለሁ።› ሳሉን ከየት ሰማችው? ልጅቷን በሰርቪስ ስለምትልክ በር ላይ አይገናኙም። በደብተርም አልመጣም። በአጥሩ በኩል ነው የመጣው። ደግሞም ‹አይልዎታለሁ› ማለት፣ እስከ ዛሬ የሚያይ ሌላ ሰው እንደነበረ ታውቃለች ማለት ነው። ልታባርራት ትችል ነበር። ለዳይሬክተር ልትናገር ትችል ነበር። መቀመጫ ሰጠቻት፤ ሲያማት ተራዋን ተቀበለቻት።»

ተቀመጠች።

እኔ እያለቀስኩ ነበር፤ በሳቅ ይሁን በሌላ አላውቅም። ያን በርጩማ የዘበኛው መስሎኝ፣ አምስት ወር ሙሉ በሰረቅሁት ወንበር የተቀመጥኩ መስሎኝ፣ እግሬን ሰብስቤ እቀመጥበት ነበር! ሚስ አምሳል የጻፈችውን ሁሉ ደግሞ ዓይኔ አልፎበታል። እኔ የምፈልገው ‹ወደቀች›፣ ‹አሳለች›፣ ‹አልበላችም› የሚል ካለ ብቻ ነበር። ከሌለ እሺ ብዬ እፈርማለሁ። ጨማቂው ሳይፈጠር እኔ ራሴ ጨማቂ ነበርኩ። ያቺ ሴት አርባ ስድስት ዓመት ቆይታ፣ በልጅ ልጄ አፍ፣ «አይቼሻለሁ፣ አብሽሪ» አለችኝ።

«የጽሑፉ ባለቤት» አሉ አቶ ዳርጌ፣ «ይህን ሐሳብ ይቀበላሉ?»

«ጌታዬ፣ አላውቀውም ነበር እኮ!»

«ማወቅዎን አልጠየቅሁም። ጽሑፉ ይላል ወይስ አይልም?»

«ይላል» አልኩ። «ወላሂ ይላል። እቀበላለሁ።»

ሦስቱ ተያዩ። ከዚያ አቶ ዳርጌ ትንተናዋ ላይ ማኅተም አሳረፉ፤ እየጻፉም «በዚህ ሥራ ሃያ ዓመቴ ነው» አሉ ለመምህርት ሐረገወይን፣ «ባለቤት ጽሑፏን ከተፈታኝ ስትማር ዛሬ ገና አየሁ።» መምህርቷ በዚያ በወፍራም ድምፅዋ እልል አለች። ሰሚዎቹ አልከለከሏትም። ከውጭ ሩሐማና ልጆቹ ተቀበሏት፤ ነጃት እየሮጠች ስትወጣ «ቀስ፣ ደረጃው!» ብዬ ጮህኩ፣ ማንም ግን አልሰማኝም።

ፈቃዱ ቤት የደረሰው ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሰላት በፊት ነው። ጨማቂው አንድ ጊዜ ጠቅ አለና ጎኑ ላይ ያለው መብራት ወደ ነጭ ተለወጠ። የኢልሃም መልእክት እንደ ሁልጊዜው በዓርቡ ሰዓት ገባ። አርባ አንድ ደቂቃ።

«ክፈቺው» አልኩ። «ቆይ፣ አትክፈቺው። ታማ ቢሆንስ?»

«እምዬ።»

«እሺ፣ ክፈቺው።»

መጀመሪያ የመጣው ሳቋ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ የማውቀው፣ እንደ ጀሪካን ውሃ ጉልግል የሚል ሳቅ፣ ከዚያ ትንፋሽ ማጠር፣ ከዚያ እንደገና ሳቅ። ለካ በየዓርቡ እየሳቀች ነበር የምትልክልን። ሳቅ ፍሬ ነገር የለውምና ሦስት ዓመት ሙሉ ሲደፋ ኖሯል።

«እማ፣ ነጃትዬ፣ ቆይ ልንገራችሁ» አለች፣ ትንፋሿን ሰብስባ። «ያቺ ቀይ ፍየል የለች? ባለፈው የነገርኳችሁ?»

አልነገረችንም። ነግራናለች፤ አልደረሰንም። ፍየሏ መስታወቱ ውስጥ ራሷን አይታ፣ ሌላ ፍየል መጣብኝ ብላ፣ ከጠዋት ጀምራ በቀንድ እየገጠመች፣ ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ትቶ ከብቧት፣ አለቃቸው ሊያባርራት ቢሞክር እሱኑ ገጥማው...

ነጃት በመሐሉ አቁማ የሆነ ነገር ልትለኝ ፈለገች። እጇን ያዝኩት።

«ዝም በይ» አልኳት፣ «ሙሉውን እንስማ።»

ስድስት ደቂቃ ሙሉ ስለ ፍየሏ አወራች። ገና ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነበራት።